ብቻውን የቀደሰው ቄስ

ፊልሙን ያወገዝኩት ሳላየው ነው። ማውገዝ ብቻ መሰላችሁ? አሳምሬ፣ በቁጥር ከፋፍዬ፣ ከታች በሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ስም ፈርሜ ነው ያወገዝኩት። ጽሑፍ ላይ እጄ ይታዘዝልኛል፤ ጣጣዬም ይኸው ነው። የአጥቢያችን ልጆች ቴሌግራም ላይ "እስኪ አንተ ጻፈው" ሲሉኝ አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀብኝም። "ይህን ፊልም ለማየት እግሩን ያነሳ ክርስቲያን፣ በዚያው እግሩ የጌታውን ደጅ አይርገጥ" የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። ያኔ ግን ሰዉ ሲቀባበለው እያየሁ ሦስት ቀን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት።

ፊልሙ የኛው አገር ፊልም ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ወጣ። አንድ ቄስ ሚስቱ ትታመምበታለች። ይጸልያል፣ ይሰግዳል፣ ስለት ይሳላል። ትሞታለች። የቄሱም እምነት አብሯት ይሄዳል፤ ክህነቱን ግን አይተውም። መቅደስ ይገባል፣ መጋረጃውን ይዘጋል፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ "የለህም" ይላል። ከዚያ ወጥቶ ሕዝቡን መስቀል ያሳልማል። "የለህም" የምትለዋ ቦታ ተቆርጣ ስልክ ላይ ወጣችና አገር ተቃጠለ። ግማሹ ካሜራ እንዴት መቅደስ ገባ ይላል፤ ተሠርቶ የተቀረጸ መቅደስ መሆኑን ማን ይስማ። ግማሹ ተዋናይ እንዴት መስቀል ይይዛል ይላል። እኔም ከሁሉም ጋር ሆኜ ጮህኩ።

መጮህ የሚያስችለኝ ማዕረግ ደግሞ ነበረኝ። ዲያቆን ነኝ። ድቁና የተቀበልኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ካዛንቺስ ውስጥ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አድጌባታለሁ። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ስለዚህም ዲያቆን እንደሆንኩ ቀርቻለሁ። መሥሪያ ቤት ያሉት ልጆች በዚህ ሲቀልዱብኝ ይውላሉ። መሥሪያ ቤት ስላችሁ ቡልጋሪያ አካባቢ ያለች ማተሚያ ቤት ናት፤ ባነር፣ ስቲከር፣ የሰርግ ካርድ እንሠራለን። ባለቤቷ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ ሙስሊም፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል፣ ምላሷ የሚያቃጥል ልቧ ግን የሚያርስ ሴት ናት። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ "ዲያቆኔ" ነው የምትለኝ።

እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። ማንኛውም ነገር ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና ወረቀት ይወጣል፣ ደንበኛው ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ከታች "አይቻለሁ" ብሎ ይፈርማል። ድሮ በአንዲት ሙሽራ ስም ፋንታ የሙሽራውን የቀድሞ ፍቅረኛ ስም አትመን አምስት መቶ ካርድ አስወግደናል፤ ጥፋቱ የራሱ የሙሽራው ነው፣ ጽፎ ያመጣው እሱ ነው፣ ግን ማን ያምነናል? ከዚያ ቀን ወዲህ አይቻለሁ ያላለ ሰው አይታተምለትም። የቤቱ ባለቤት የራሷን የልጇን የልደት ካርድ ስታሳትም እንኳን ፈርማለች።

ልጆቹ ጽሑፌ ባነር ሆኖ ደጀ ሰላሙ ላይ ይሰቀል አሉ። እኔም ዲዛይኑን ሠርቼ ናሙናውን አወጣሁ። አለቃዬ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"አማርኛው ልብ ያጠፋል ወላሂ" አለች። "አየኸው?"

"ምኑን?"

"ፊልሙን ነዋ!"

"ኧረ ምን ነካሽ! እያወገዝኩት እንዴት አየዋለሁ?"

እስክሪብቶ አነሳችና ናሙናውን ወደ እኔ ገፋችው። "እንግዲያው ፈርም። የቤታችንን ሕግ ታውቀዋለህ፤ አይቻለሁ በልና ፈርም።"

"እሱ እኮ ለጽሑፉ ነው እንጂ ለ..."

"ለምንም ይሁን። ሰው የሙሽራዋን ስም ሦስቴ እንዲያነብ ታስጨንቀው የለ? ይሄ ከካርድ ያንሳል? ፈርም።"

በገንኩ። ከመብገኔ የተነሳ ናሙናውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና "ነገ አይቼው መጥቼ እፈርምልሻለሁ!" ብዬ ወጣሁ። ለእልህ ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም።

በማግስቱ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንዲት ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ኮፍያዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስልክ ላይ ያየናት ቁራጭ ውሸት ናት። ማለቴ ውሸት እንኳን አይደለችም፣ ጎዶሎ ናት። ቄሱ "የለህም" ካለ በኋላ ወዲያው አይወጣም። ይቆማል። ጆሮውን አዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። አንድ ሰው ከወዲያኛው ክፍል "ማነው የለም ያለኝ?" ብሎ እንዲመልስለት የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ምንም አይመጣም። ከዚያ ሲወጣ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ትልለታለች፤ እጁ መስቀሉን ይዞ አየር ላይ ይቀራል። ተዋናዩን እግዜር ይስጠው፣ እጁ ብቻውን ነው የሚያለቅሰው። ቀስ ብሎ ያሳልማታል። እኔ እዚያች ጨለማ ውስጥ ኮፍያዬን አውልቄ አፌን ያዝኩበት።

ምክንያቱም ያ ሰው እኔ ነኝ።

ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ነው የሞተችው። ስትታመም ሐኪሙንም አልተውንም፣ ጸበሉንም አልተውንም። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በቢጫ ጀሪካን ቀድቼ አመጣላታለሁ፣ በብርጭቆ አድርጌ እሰጣታለሁ፣ እሷ ከመጠጣቷ በፊት ቀና ብላ "ያድናል አይደል?" ትለኛለች። "ያድናል" እላታለሁ። ዲያቆን አይደለሁ! አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላልኳትም። ሞተች። ካዛንቺስ ሲፈርስ እናታችን ካወረሰችን ቤት ስወጣ ስንቱን ዕቃ ጥዬ ያንን ጀሪካን ይዤ ወጣሁ፤ ግማሽ ድረስ ውሃ አለው፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም በተከራየኋት ክፍል ከበሩ ኋላ ተቀምጧል። አልጠጣውም፣ አልደፋውም። እሷ ከሞተች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ስገባ አፌ ይሠራል፣ እጄ ይሠራል፣ ውስጤ ግን ማንም የለም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለራሴም ጭምር። ፊልሙ ነገረኝ።

ናሙናውን አልፈረምኩም። ለልጆቹ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸኋቸው። ለአለቃዬ "አየሁት" ስላት ፊቴን አየችና ሻይ አዘዘችልኝ። እሁድ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እንደዚያ ቄስ ሆኜ የምኖረው እስከ መቼ ነው አልኩ። የማላምነውን ማገልገል ማታለል ነው፣ በቃ፣ አበቃ። የሚቀጥለውም እሁድ አለፈ። ነፃ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። እሁድ ጠዋት ግን ከእንቅልፌ የምነቃው በቅዳሴው ሰዓት ነው፤ እነቃና ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እጋደማለሁ። ሰው ቤቱ ሲፈርስበት እንዲህ ባዶ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ፈርሶብኝ አይቼዋለሁና።

ሁለተኛው እሁድ ባለፈ በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። የንስሐ አባቴ ናቸው።

ስለ እሳቸው ትንሽ ልናገር። ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ቄስ ናቸው። ሰፈራችን ሲፈርስ የንስሐ ልጆቻቸው በከተማው ጫፍ ጫፍ ተበተኑ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አቅራቢያችሁ አባት ፈልጉ ይል ነበር። እሳቸው በአሮጌ ደብተር የሁላችንንም አዲስ ሰፈር መዘገቡና በታክሲ ይዞሩን ጀመር። ሁለት ታክሲ፣ ሦስት ታክሲ፤ ረዳቶቹ ያውቋቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ ባለቤታቸው የልብ ሕመምተኛ ሆነው ነው። እግራቸው ያብጣል፣ መድኃኒታቸው ሰዓት አለው፤ አባ የትም ቢሄዱ ስልካቸውን እያዩ አስር ሰዓት ሳይሞላ ቤት ይገባሉ። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። እጃቸውን ስስም ሁልጊዜ አፍራለሁ።

አራተኛ ፎቅ ወጥተው ስለነበር ገብተው ሲቀመጡ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ። ከበሩ ኋላ ያለውን ጀሪካን አዩት።

"አሁንም አለ?" አሉ።

"አለ አባ።"

"ሁለት እሁድ አጣሁህ።"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"እሁድ ባነር ታትማላችሁ?"

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ሁሉንም አፈረጥኩት፤ ጽሑፉን፣ "አይቻለሁ" የምትለዋን ፊርማ፣ ፊልሙን፣ እህቴን፣ ሁለቱን ዓመት። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቀኖና ይሰጡኛል፣ ይህን ያህል ስገድ ይሉኛል ብዬ ነበር። ይልቅ ቀና አሉና "ፊልሙን አሳየኝ" አሉ።

"እርስዎን?"

"አዎ እኔን። ልጄን ያመመውን ነገር ሳላየው ምን ብዬ ልምከርህ?"

"አባ፣ ሰው ቢያይዎት እኮ ጉድ ይፈላል! እኔ ራሴ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ያውቃሉ?"

"አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽፈሃል" አሉና ተነሱ። "ማክሰኞ ይሁን። ከአስር ሰዓት በፊት የሚያልቅ ካለ።"

ማክሰኞ የቀኑን ትርዒት ያዝን። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እባክዎ ቢያንስ ኮፍያ ያድርጉ ብላቸው "ሰርቄ አይደለም የምገባው" አሉኝ። የአዳራሹ በር ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጨለማ ነው። ትኬት ቆራጯ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችላቸው። እኔ ፊት ፊት ገብቼ ዞር ስል አባ የሉም። ወደ ኋላ ብመለስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳውን አስጠግተው እያስቀመጡ ነው።

"አባ! ሲኒማ ቤት እኮ ነው!"

ቀና ብለው አዩኝ፣ ጫማቸውን አዩት፣ መጋረጃውን አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ሃምሳ ዓመት መጋረጃ በተገለጠ ቁጥር ያወለቀ እግር ምን ያድርግ? እኔን ሳይጠይቀኝ ነው ያወለቀው።" ትኬት ቆራጯ ልጅ እየሳቀች ተንበርክካ አጠለቀችላቸው፤ ከዚያም መስቀል ተሳለመች። ከኋላዋ ፈንዲሻ የያዙ ሁለት ጎረምሶች ተሰለፉ። አንዱ ግን ከዳር ቆሞ በስልኩ ይቀርጽ ነበር።

ፊልሙን አላየሁትም፤ እሳቸውን ነው ያየሁት። ቄሱ ለሚስቱ ኪኒን በመዳፉ ላይ አድርጎ በሚሰጣት ቦታ ሳያውቁት ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት አዩ። ሚስቱ ስትሞት መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "የለህም" ሲል አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው "ኤጭ!" አለ፤ አባ አልተንቀሳቀሱም። ሌላው ተመልካች ምን እንደጠበቀ አላውቅም፤ እኔ የጠበቅኩት እሳቸው ተነስተው እንዲወጡ ነበር። ቄሱ ጆሮውን አዘንብሎ በሚጠብቅባት በዚያች ረጅም ዝምታ ግን እሳቸውም ጆሯቸውን አዘነበሉ።

ስንወጣ አጠገቡ ያለች ካፌ ገብተን ሻይ አዘዝን። ስኳሩን አብዝተው ጨመሩ፣ ረጅም ጊዜ አማሰሉ።

"ጥምጥሙን በደንብ አልጠመጠመም" አሉ በመጨረሻ።

"አባ!"

"ጽናውንም ሲያወዛውዘው ቡና የሚቆላ ነው የሚመስለው። ግን ጎበዝ ልጅ ነው። እጁ... እጁን አየኸው? እንዲህ ያለ እጅ ካህን ላይ አይቻለሁ። እነዚህ ልጆች ማንን ጠይቀው እንደሠሩት እንጃ፣ ውሸት አልሠሩም።" ሻያቸውን ፉት አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ተሳስተዋል። ትልቅ ስህተት ነው።"

"ምኑ?"

"ብቻውን ነው የቀደሰው።"

መጀመሪያ አልገባኝም።

"አንተ ዲያቆን አይደለህም እንዴ? ስንት ሆነን ነው የምንገባው?"

"አምስት። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን።"

"አንድ ቢጎድል?"

"አይቀደስም።"

"አይቀደስም! ጳጳስም ቢሆን ብቻውን አይቀድስም። ይኼ ግን መጋረጃውን ዘግቶ ብቻውን ቆመ። ብቻውን የቆመ ሰው እንኳን ሚስቱ ሞታበት፣ ሳትሞትበትም የለህም ይላል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ የመጀመሪያ ልጄን የቀበርኩ ጊዜ እንዲህ ሆኛለሁ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ወር ሁለት ወር አይደለም፣ ሦስት ዓመት። አንድ ቀን ቤተ ልሔም ውስጥ ልብሰ ተክህኖውን እየለበስን አብሮኝ ለሚቀድሰው ቄስ 'እኔ ባዶ ነኝ፣ አልገባም' አልኩት። ሰውዬው ቁጡ ነበር፣ ይጮህብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን አለኝ መሰለህ? 'ግባ፤ ዛሬ እኔ አምንልሃለሁ' አለኝ።"

"እና ገቡ?"

"ገባሁ። በማግስቱም እንዲሁ አለኝ። ሦስት ዓመት አመነልኝ። አንድ ቀን ሳላውቀው ራሴው አምኜ አገኘሁት።"

"እኔ ግን አባ፣ ማታለል ነው የሚመስለኝ።"

"የለህም ብለኸዋል?"

"አላልኩትም። ተቀይሜዋለሁ።"

"ከሌለ ሰው ጋር ማን ይኳረፋል ልጄ?" አሉና ስልካቸውን አዩ። "ወይ ጉድ፣ መድኃኒቷ ደረሰ።" ና ተመለስ አላሉኝም፣ ጸልይ አላሉኝም። ሻዩን እኔ ልክፈል ብለው ሊታገሉኝ እንኳን አልሞከሩም፤ እየሮጡ ታክሲ ያዙ።

ያ ጎረምሳ የቀረጸው ቪዲዮ በሦስተኛው ቀን ወጣ። አንድ ቄስ ጫማቸውን ለሲኒማ ሲያወልቁ። ሳቁ ትንሽ፣ ስድቡ ብዙ ነበር። ሰበካ ጉባኤው አባን ጠራቸውና፣ ከዲያቆናቱ አንዱ እንደነገረኝ፣ ፊታቸው የተነበበባቸው ምን መሰላችሁ? የእኔ ዓረፍተ ነገር። "ለማየት እግሩን ያነሳ ክርስቲያን" የምትለዋ፣ ቃል በቃል። ማን እንደጻፋት አባ ያውቃሉ። ማን እንደወሰዳቸውም ያውቃሉ። አንዱንም አልተናገሩም። "አማርኛው ያምራል" ብቻ አሉ አሉ። ለአንድ ወር ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው እንዳያስተምሩ ተባሉ፤ እሺ ብለው ወጡ።

ይህን ስሰማ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ በቡጢ መታሁ። እጄ አበጠ፤ ቁጣዬ መቼ ቦታ ያውቃል። ያን ዕለት ቴሌግራሙ ላይ "ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳላየው ነው የጻፍኩት፤ አባን የወሰድኳቸውም እኔ ነኝ" ብዬ ለጠፍኩ። ከግሩፑ አስወጡኝ። አለቃዬ ያበጠ እጄ ላይ በረዶ እያደረገች "አብሽር ዲያቆኔ" አለችኝ። "አሁን አይቻለሁ ብለህ መፈረም ትችላለህ።"

ሁዳዴ ገባ። ዘንድሮ ጾማችን ገጥሞ እሷ ረመዳንን፣ እኔ ሁዳዴን ይዘን አንድ ክፍል ውስጥ ስንነጫነጭ ደንበኛ ሁሉ ሸሸን። ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፣ አልጸልይም፣ ጾሙን ግን አልተውኩትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አፌ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳይነካው እስከ ቅዳሴ መውጫ ይቆያል፤ እንደ አባ እግር ነው፣ እኔን ሳይጠይቀኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። አባ ናቸው።

"ልጄ፣ አራት ነን" አሉና ዘጉት።

በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ዲያቆኖቹ ተማሪዎች ናቸው፣ ከቤተሰባቸው ጋር ከተማው ጫፍ ከሄዱ ወዲህ በሥራ ቀን አንዱ ሲመጣ አንዱ ይቀራል። አራት ከሆኑ ከተበተኑበት ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡት አሮጊቶች ቅዳሴ ሳይሰሙ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አለቃዬ ከኮምፒዩተሩ ላይ ቀና አለች።

"ማነው?"

"አባ ናቸው። አንድ ሰው ጎድሎባቸው ነው።"

"እና ምን ቆመሃል? ሂዳ!"

"ባዶዬን ነኝ እኮ።"

"ኧረ በአላህ! ሁላችንም ባዶ ሆዳችንን ነን!" እሷ የገባት ሌላ ነው፤ ግን ወጣሁ።

ካዛንቺስ ስደርስ የእናቴ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ሣር ተተክሎ ውሃ ይጠጣል። አለፍኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነጠላቸውን ያጣፉ ዐሥራ አምስት ያህል ሰዎች ዓምዱን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ወዳለችው ቤተ ልሔም ስገባ ሁለቱ ዲያቆናት ለብሰዋል፤ ሁለተኛው ቄስም ለብሰዋል። ለእኔ የሚሆነው ልብስ ተጣጥፎ መሶበ ወርቁ አጠገብ ተቀምጧል። ይመጣል ብለው ነው ያስቀመጡት። አባ ጥግ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል።

ስለብስ አንደኛው ዲያቆን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ባለቤታቸው ሐኪም ቤት ነበሩ። ዛሬ ጠዋት 'ወደ ቤት ይውሰዷቸው' አሏቸው።" በዚህ አገር ሐኪም ወደ ቤት ውሰዱ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። እህቴንም እንዲሁ ነበር ያሉን። "ሂድ ቀድስና ና ያሏቸው ራሳቸው ባለቤታቸው ናቸው" አለኝ።

ፊልሙ ትዝ አለኝ፣ ኪኒኑ፣ ሰዓት ያዩባት ስልክ። እኔ ነኝ ያንን ያሳየኋቸው። የራሴን ሕመም ላሳያቸው ወስጄ የራሳቸውን መጪ ቀን ነው ያሳየኋቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ።

ተሰልፈን ልንገባ ስንል አባ ዞሩ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። መስቀሉን የያዘው እጃቸው ያን ተዋናይ ልጅ እጅ ሆኗል፤ አየር ላይ ቀርቷል። ወደ እኔ መጡና ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ ዛሬ አንተ እመንልኝ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አዘንብዬ የጠበቅኩት ሌላ ነገር ነበር። ከላይ የሚመጣ ነገር። "እሺ አባ" አልኳቸው፤ እጃቸውን ከመስቀሉ ጋር ስሜ፣ አብሬያቸው ጫማዬን አወለቅኩ።

ያንን ፊልም የሠሩትን ልጆች ባገኛቸው እጃቸውን ጨብጬ አመሰግናቸዋለሁ፤ አንዷን ስህተትም እነግራቸዋለሁ። መጋረጃው ተዘጋ። ሕዝቡን ለጸሎት ተነሡ የሚለው ዲያቆኑ ነው፣ ያን ቀን እኔ ነበርኩ። ድምፄ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ወጣ። አባ ተቀበሉኝ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ደገፉን፣ ከውጭ እነዚያ አሮጊቶች መለሱልን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለእሳቸው አመንኩላቸው። ለራሴ ያለውን ደግሞ በኋላ አስብበታለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። እስካሁን አላሰብኩበትም።